ደን ሊሪ፤ ከመርከብ መሰበር የተወለደ ወደብ



ከደብሊን በስተደቡብ ምሥራቅ በባሕር ዳር የምትገኘው የአየርላንድ ከተማ ደን ሊሪ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ላይ ከዓሣ አጥማጆች መንደርነት ያለፈ ስም አልነበራትም። ለታላቅ ወደብነት ያበቃት ንግድ ሳይሆን ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1807 ወታደሮችን የጫኑ ሁለት መርከቦች ከደብሊን እንደ ተነሡ የበረዶ ዐውሎ ነፋስ መትቷቸው ከዳርቻው ቋጥኝ ጋር ተላተሙ፤ 400 የሚጠጋ ሰውም የብሱን እያየ አለቀ።

ከዚያ በኋላ በትውልዱ ኖርዌያዊ የሆነው ካፒቴን ሪቻርድ ቱቸር መጠለያ ወደብ እንዲሠራ ለዓመታት ደጅ ጠና። የመሠረቱ ድንጋይ የተጣለው በ1817 ነው። በመጀመሪያ የተፈቀደው አንድ የማዕበል መከላከያ ግንብ ብቻ ነበር። መሐንዲሱ ጆን ሬኒ ግን አንዱ ለብቻው ቢቆም ወደቡ በአሸዋ ይደፈናል ብሎ ስለ ተከራከረ፣ ሁለተኛው በ1820 ተፈቀደ። ንድፉ ለገንዘብ ሲባል በግማሽ የተቆረጠበት ባለሙያ የዚህን ክርክር ክብደት ሳይነገረው ያውቀዋል። ሬኒ በ1821 ስለ ሞተ ፍጻሜውን አላየም።

ግራናይቱ ከዳልኪ ኮረብታ እየተፈለጠ በፉርጎ ይወርድ ነበር። ፉርጎዎቹ በሰንሰለት የተያያዙ በመሆናቸው፣ ጭነት ይዘው የሚወርዱት ባዶዎቹን ሽቅብ ይስባሉ፤ ሥራውን የሚሠራው ቁልቁለቱ ራሱ ነው። በዚህ ዓይነት የተገነባው ምዕራባዊ ክንድ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ በ1821 ከዚያ ተሳፍሮ በመሄዱ ከተማዋ ኪንግስታውን ተባለች፤ የቀድሞ ስሟ የተመለሰላት በ1920 ነው።

የአየርላንድ የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ በ1834 ደብሊንን ከዚህችው ከተማ ጋር አገናኘ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በ1844 እስከ ዳልኪ ለሕዝብ የተከፈተው ተጨማሪ መስመር ነው። ይህ ባቡር ሎኮሞቲቭ አልነበረውም። በሐዲዶቹ መካከል በተዘረጋ ቧንቧ ውስጥ ያለውን አየር ዳልኪ ላይ የተተከለ የእንፋሎት ሞተር ይስባል፤ ከኋላ የሚመጣው የከባቢ አየር ግፊትም ፒስተኑንና ከእርሱ ጋር የተያያዘውን ባቡር ሽቅብ ይገፋል። መልሱ በቁልቁለት መንደርደር ነው። ጣጣው የመጣው ከክዳኑ ነበር። ፒስተኑን ከባቡሩ ጋር የሚያያይዘው ብረት እንዲያልፍ ቧንቧው አናቱ ላይ ተሰንጥቆ በቆዳ ተሸፍኗል፤ ቆዳው ደግሞ ስብ ቢቀባም አየር ማስገባቱን አልተወም። ያም ሆኖ እስከ 1854 አገለገለ። ዝነኛው ብሩኔል ይህንኑ አይቶ በእንግሊዝ አገር ደቡብ ዴቨን ቢተክለው፣ በ1848 ለመተው ተገደደ።

ወደቡ ብዙ መርከቦችን አስጠልሏል። ይሁን እንጂ ታኅሣሥ 24 ቀን 1895 ፓልሜ የተባለ የፊንላንድ መርከብ ከወደቡ ውጭ በማዕበል ሲያዝ፣ ለርዳታ የወጣችው የነፍስ አድን ጀልባ ተገለበጠች። 15ቱም ቀዛፊዎች ሰጠሙ። የፓልሜ ሰዎች ከሁለት ቀን በኋላ በሌላ መርከብ በሕይወት ወጡ።