የሙያ አባትነት፤ ከሸማኔው ጉድጓድ እስከ ሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በአርባ ምንጭ ከተማ የተደረገ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች እንድናገርበት የሰጡኝ ርእስ በንግድና በሒሳብ ሙያ የተሠማራ ነባር ባለሙያ ተተኪውን ስለ ማሳደግና ባለሙያዎች እርስ በርስ ስለ መረዳዳት የሚል ነው። ይህን ነገር ከውጭ አገር መጻሕፍት እየጠቀሱ ማስረዳት ይቻል ይሆናል። ስብሰባችን ግን የሚደረገው ከዶርዜና ከጨንቻ ተራሮች ግርጌ ስለ ሆነ ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አላሻኝም። ሙያን ከእጅ ወደ እጅ በማስተላለፍ ረገድ የጋሞን ሸማኔ ያህል የቆየ ልምድ ያለው የንግድ ሰው በአገራችን ብዙ አይገኝም።

እንደሚታወቀው የጋሞ ደጋ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። እንሰቱና ገብሱ ቤተ ሰቡን ቢመግብም ጥሬ ገንዘብ በአብዛኛው የሚገኘው ከሽመናው ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ወዲህ ሸማኔዎች ወደ ዋናው ከተማ እየተጓዙ በእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሠፈሩ። አንዱ ሲደላደል የወንድሙን ልጅ ያስመጣል፤ ያም በተራው የጎረቤቱን ልጅ ያስመጣል። ልጁ መጀመሪያ ቀሰም ያጠነጥናል፣ የተበጠሰ ክር ይቀጥላል። ከዚያም ከጉድጓዱ ገብቶ ተራውን ሥራ ይሞክራል፤ እጁ ሲፈታ ነጠላና ኩታ ይሠራል፤ በመጨረሻም የጥለቱን ክር መቁጠር ይማራል። በነጠላው ዳር የምናየው ጥበብ አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት የተነደፈ አይደለም፤ ክር በክር በአእምሮ የተያዘ ሒሳብ ነው። (ያለ መኪና መደመር የተሳነን የሒሳብ አዋቂዎች ይህን ልብ ብንለው አይጎዳንም።)

ልጁ ራሱን ሲችል የራሱን መሣሪያ የሚያቆምበት ገንዘብ ከዕቁብ ይመጣል። ለዕቁቡ ዋስ የሚቆምለትም ብዙውን ጊዜ ያው ያስተማረው ሰው ነው። ባንክ ቤትና ካርታ ሲጠይቅ ዕቁብ የሚጠይቀው የሰው ስም ነው። የሙያ አባትነት ትልቁ ሀብት እዚህ ላይ ይታያል፤ መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ ከጥበቡ ጋር ስሙን ያበድረዋል።

ይህ ሁሉ የተገነባው በንቀት መካከል ነው። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብ የተለመደ ስለ ነበረ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ሌላው በር ሲዘጋበት ሰው ለወገኑ መምህርም ገንዘብ አበዳሪም ይሆናል። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ የሚኖሩ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው የሒሳብ አዋቂዎች በሙያው ውስጥ ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት በነበረበት ዘመን፣ በ1972 እ.ኤ.አ.፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ማኅበር አቋቋሙ፤ ኋላም በሩን ለሌሎች የንግድ ባለሙያዎች ከፈቱ። የዚያ ማኅበር ዋና ሥራ የቀደመው የኋለኛውን እጅ ይዞ ማስገባት ሲሆን የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ይህንኑ ያለ መተዳደሪያ ደንብ ሲያደርገው ኖሯል።

እስካሁን የተናገርሁት ደግ ደጉን ነው።

ከጋሞ ደጋ ለሽመና ወደ አዲስ አበባ ከሚወሰዱት ልጆች መካከል ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ ከጎሕ እስከ እኩለ ሌሊት ከጉድጓድ ሳይወጡ፣ ከምግብና ከማደሪያ በቀር ምንም ሳያገኙ ዓመታት የሚያሳልፉ መኖራቸው የታወቀ ነው። ወላጅ ልጁን የሚሰጠው ለባዕድ አይደለም። በመስቀል በዓል ነጭ ለብሶ፣ ስጦታ ይዞ ወደ አገሩ የተመለሰውን ዘመድ አይቶና አምኖ ይሰጣል። እንግዲህ ይህ ልጅ ሙያ ተማረ ወይስ ጉልበቱ ተበላ? ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ፣ መወርወሪያውም ያው መወርወሪያ ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ልጁ ባለ ሙያ ተብሎ የሚለቀቅበት ቀን ተቆርጦለታል ወይ? ቀን ያልተቆረጠለት ትምህርት፣ አስተማሪው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ ውሎ አድሮ አገልጋይነት ይሆናል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ቢሮአችን የሚመጣው ወጣትም ሁለት ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ሲያስተካክል ከኖረ ሚዛኑ ለእርሱም ይኸው ነው።

ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከዚያ በላይ ሆኖ 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ያዛል። የሙያ መልመጃ ውልም የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ እንዲገልጽ ይደነግጋል። ይህ ቃል ግን ከሽሮ ሜዳ ጓዳ ገና በሚገባ አልደረሰም።

የእኛ ድርሻ የሚመጣው በዚህ ነው። ሽመናን ለሸማኔው ልናስተምረው አንችልም። ውል መጻፍና መዝገብ መያዝ ግን የእኛ ሙያ ነው። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሽመና መሣሪያ፣ የተገዛ ክርና ያለቀ ጋቢ ለብድር መያዣ ሊሆኑ የሚችሉበትን መንገድ ከፍቷል። አበዳሪው ግን ስንት ክር ገባ፣ ስንት ኩታ ወጣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያንን የሚመልስ መዝገብ በሸማኔው ቤት የለም። የአገር ልብስ መስለው የታተሙ ርካሽ ጨርቆች ከውጭ እየገቡ ገበያውን በሚሻሙበት ጊዜ ክሩን በየግሉ በችርቻሮ የሚገዛ ሸማኔ ብዙ ሊቆይ አይችልም፤ በኅብረት ለመግዛትም ሒሳቡን የሚይዝ የታመነ ሰው ያስፈልጋል።

ይሁንና መዝገብ ይዞ ከሸማኔው ደጃፍ የሚቆም የተማረ ሰው ግብር ሊያስከፍል የመጣ መምሰሉ አይቀርም። ስለዚህ በሽማግሌዎች በኩል መግባት ግድ ነው። የጋሞ ሕዝብ ጉዳዩን በዱቡሻ ተሰብስቦ የሚጨርስ ሕዝብ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ ከደረሰ በኋላ፣ በዚሁ በአርባ ምንጭ ከተማ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጣው ወጣት ፊት ተንበርክከው በቀልን እንዳስቀሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእነዚህ ሰዎች ፊት የተገባ ቃል በየትኛውም ማኅተም ከጸና ቃል አያንስም።

ስለሆነም ሐሳቤ ይህ ነው። የሙያ መልመጃው ውል በአማርኛና በጋሞኛ ይዘጋጅ። የሚፈረመውም አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ በደጋው፣ አሠሪው፣ ወላጁና ልጁ አንድ ላይ በሚገኙበት በመስቀል ሰሞን፣ በሽማግሌዎች ፊት ይሁን። ከአባሎቻችን አንዳንዳችን አንድ ውል በኀላፊነት ተቀብለን፣ ዓመቱን ሙሉ መዝገቡን እየተመለከትን፣ በሚቀጥለው መስቀል ልጁ የተማረውንና የተከፈለውን በዚያው ቦታ በቃል እናስነብብ። የመለቀቂያው ቀን ሲደርስ ለዕቁብም ሆነ ለብድር ከመምህሩ ጎን ዋስ እንሁንለት።

የውሉን ረቂቅ የሚያዘጋጁ ሦስት አባላት ከምሳ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ እንዲመረጡ እጠይቃለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጋሞኛ የሚጽፍ ይሁን። ስማቸውን ለማስመዝገብ የሚፈልጉ ከጸሐፊው ዘንድ መዝገቡን ያገኙታል።