ሕፃኑ ቢያቀረሽም ገንፎው አይቋረጥ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል እዚህ ተለጥፏል።)



ዛሬ ስለ ወርሃዊ መዋጮና ስለ ቆሻሻ ገንዳ አንናገርም። የዛሬው ጉዳያችን የሕፃን ቅርሻት ነው። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

ለምን አነሳነው? አንዲት የመንደራችን እናት ልጇ 6 ወር ሲሞላው እንደ ደንቡ ገንፎ ጀመረችለት። ልጁ በበላ ቁጥር ያቀረሻል። አንዷ ጎረቤት «ገንፎው አልተስማማውም፣ ተይው» አለቻት፤ ተወችው። ሌላዋ ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪለት» አለቻት። ልጇን አቅፋ ልትሄድ ስትነሳ አንዲት አስተዋይ ሴት ይዛት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ልጁ ሲታይ እንጥሉ ደህና ነው። ሲመዘን ግን ኪሎው አልጨመረም። የጎዳው ቅርሻቱ ሳይሆን የገንፎው መቋረጥ ነበር። ምላጭ ሊያርፍበት የነበረው ጤነኛ እንጥል ነው እንግዲህ። ይህ በሌላ ቤት እንዳይደገም ስንል ከጤና ባለሙያዎች ጠይቀን የተረዳነውን እናካፍላችኋለን።

በመጀመሪያ ቅርሻት ምን እንደሆነ እንወቅ። ምግብ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ በሚወርድበት ቧንቧ ግርጌ የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። በትልቅ ሰው እንደ ታሰረ ስልቻ አፍ ነው፣ የገባው አይመለስም። የሕፃን ግን ገና አልጠነከረም፤ ስልቻው በወጉ አልታሰረም። በዚያ ላይ ጨጓራው ትንሽ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ጨጓራው ከ1 ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሲሞላ፣ ሲተኛ ወይም ሆዱ ሲጫን ይመለሳል። ይህ ነገር በ4 ወር ገደማ ይበዛል፣ ልጁ መቀመጥ ሲለምድ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አብዛኞቹም 1 ዓመት ሲሞላቸው ይተዉታል። እያቀረሸ የሚስቅ፣ የሚጫወትና ኪሎ የሚጨምር ልጅ በሽተኛ አይደለም። ሥራ የሚያበዛው ለልብስ አጣቢዋ ነው።

ደግሞ ሦስት ነገር አንደባልቅ። ገንፎ በጀመረ ሰሞን በምላሱ ወደ ውጭ የሚገፋው ቅርሻት አይደለም፤ መዋጥ እየተማረ ነው። ቅርሻት የሚባለው ሳያስጨንቀው ባፉ ጥግ የሚፈሰው ነው። ትውከት ግን ሆዱ ተኮማትሮ እየታገለ የሚያወጣው ነው። የፈሰሰው በዝቶ ከታያችሁ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨርቅ ላይ አፍስሳችሁ እዩ፤ ጨርቁን ምን ያህል እንደሚያረጥበው ስታዩ ትገረማላችሁ። «የበላውን ሁሉ አወጣው» የምንለው ብዙ ጊዜ ያችኑ ያህል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. ልጁን አንጋት። እዚህ ላይ እኛም ጥፋተኞች ነን። የፊተኞቹን ልጆቻችንን አስተኝተን፣ እጃቸውን ይዘን፣ በመዳፋችን አጥሚት ግተናቸዋል። እያለቀሱ ዋጡ፣ ከአጥሚቱ ጋር አየር ዋጡ፣ ከዚያ ሁሉንም መለሱት። መጋት ትን አስብሎ ምግብ ወደ ሳንባ ሊያስገባም ይችላል። ልጁ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በንጹሕ ማንኪያ፣ ፊት ለፊት እያያችሁት ይብላ። ፊቱን ካዞረ ወይም አፉን ከገጠመ ጠግቧል ማለት ነውና ይቁም።

2ኛ. ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። በ6 ወር ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል። ቀስ በቀስ እየተጨመረ በአንድ ማዕድ ወደ ግማሽ የቡና ስኒ ሳይሆን ወደ ግማሽ ብርጭቆ ይደርሳል። ከ9 ወር ጀምሮ 3 ወይም 4 ጊዜ ይሆናል። የሚያቀረሽ ልጅ ከሆነ የቀኑን ድርሻ ከፋፍሉት እንጂ አትቀንሱበት።

3ኛ. ገንፎው ወፈር ይበል። ማንኪያው ሲዘነበል ተንጠልጥሎ የሚቆይ እንጂ እንደ ውሃ የሚንጠባጠብ አይሁን። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል፣ አቅም አይሰጥም፣ ለመመለስም ይቀላል። ዱቄቱ 3 እጅ እህል ከሆነ 1 እጅ ጥራጥሬ ይግባበት። የተፈጨ እንቁላል፣ ካሮት፣ ድንች፣ ጎመን እየተለዋወጠ ይጨመርለት። ዘይት ወይም ቅቤ ትንሽ ይበቃል። በርበሬ የነካው ወጥና የብርቱካን ጭማቂ ይቆዩለት። ማር 1 ዓመት ሳይሞላው አይሰጥ።

4ኛ. ጡት አይቋረጥ። እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ። ጠብቶ ሆዱ በሞላበት ቅጽበት ግን ገንፎ አይደረብበት፤ ፋታ ይሰጠው።

5ኛ. ከበላ በኋላ ትከሻ ላይ ተደርጎ ያግሳ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃም ቀና ብሎ ይቆይ። ወዲያው አጥብቆ ማዘል፣ ሽቅብ እየወረወሩ ማጫወት፣ ወገቡን ጥብቅ በሚያደርግ ሱሪ ሆዱን ማሰር ይቅር። የማጫወቱ ነገር በተለይ አባቶችን ይመለከታል።

6ኛ. ሲተኛ በጀርባው ይተኛ። «ትን ይለዋል» ብሎ በሆዱ ማስተኛት ወይም ትራስ መደርደር አደጋ አለው። የሚያቀረሽም ልጅ ቢሆን በጀርባው፣ ያለ ትራስ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው የሚተኛው። ቤት ውስጥ ሲጋራ አይጨስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ቅርሻትን አያድንም። ቅርሻቱ የሚመጣው ከጨጓራ ነው፤ እንጥል የለበትም፣ ድድም የለበትም። ምላጩ የሚያመጣው ደም መፍሰስ፣ ቁስል መመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍና በደም የሚተላለፍ በሽታ ነው። አያቶቻችን ይህን ያደርጉ የነበሩት ልጅ ጠልተው አይደለም፤ ሐኪም አጠገባቸው ስላልነበረ ነው። ዛሬ ጤና ጣቢያ አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊትን ያስቀጣል። የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም የተዘፈዘፈበት ውሃ፣ ከሌላ ልጅ የተረፈ ሽሮፕም ለሕፃን አይሰጥ።

ይህን ስንል ግን ማስመለስ ሁሉ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው፤

— የሚያስመልሰው አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካለበት ወይም የቡና አተላ ከመሰለ፤
— በኃይል ተወርውሮ የሚወጣና የሚደጋገም ከሆነ፤
— የሰጡትን ሁሉ ካስመለሰ፣ ወይም መጥባት ካቃተው፤
— ትኩሳት ካለው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ከደነዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፤
— ሽንቱ ካነሰ፣ ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፤
— ሲበላ ትን እያለው ከጠቆረ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፤
— ሰገራው ላይ ደም ከታየ።

ትውከቱ ከተቅማጥ ጋር ከሆነ ጡቱ ሳይቋረጥ ኦ.አር.ኤስ. በማንኪያ እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኪሎው ያልጨመረ ልጅ፣ በበላ ቁጥር ወደ ኋላ እየተለጠጠ የሚያለቅስ ልጅ፣ ቀድሞ ሳያቀረሽ ቆይቶ ከ6 ወር በኋላ የጀመረው ልጅ፣ እንዲሁም 1 ዓመት አልፎትም ያልተወው ልጅ ቀን ሳይሰጠው ይታይ።

አንድ ነገር እናሳስብ። ብዙ እናት ከ14ኛው ሳምንት ክትባት በኋላ እስከ 9ኛው ወር የኩፍኝ ክትባት ድረስ ጤና ጣቢያ አትመለስም። ገንፎ የሚጀመረውና ጭንቀቱ የሚበዛው ደግሞ በዚሁ መሐል ነው። ስለዚህ በ6 ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ ሲሰጠው ይመዘን፤ ከዚያም በየወሩ። ቅርሻቱ ጎድቶታል ወይስ አልጎዳውም ለሚለው ጥያቄ ከጎረቤት አፍ ይልቅ ሚዛን ይመልሳል።

በመጨረሻም ለጎረቤት ሁሉ የምንለው አለ። የምታቀረሽ ልጅ የያዘች እናት ደክሟታል፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ ልብስ ትቀይራለች፣ ወተቷም ገንፎዋም የተናቀ ይመስላታል። «ምን አበላሽው?» አንበላት። ልጁን ለግማሽ ሰዓት ቀና አድርገን እንያዝላት፣ ጨርቁን እንጠብላት። ወደ ጤና ጣቢያ ብቻዋን ለመሄድ የፈራች ካለች ለጽሕፈት ቤቱ ትንገረን፤ አብሯት የሚሄድ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም።

ልጆቻችንን ያሳድግልን።

የማኅበሩ ጸሐፊ