የቦታ ስም ለመምህር የሚያቀርበው ጥያቄ



የአንድ አገር ስም በክፍል ውስጥ ሲነሣ ተማሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ትርጓሜው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። መምህሩም ዝም ማለት ነውር እየመሰለው፥ ከሰማቸው አፈ ታሪኮች አንዱን መርጦ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይመልሳል። ይህ ልማድ ዕውቀትን የሚጨምር ቢመስልም የሚያጎድል መሆኑን ለማሳየት፥ የጎረቤታችንን የሶማሌላንድን ዋና ከተማ ሀርጌሳን ምሳሌ አደርጋለሁ።

ከከተማይቱ ወረዳዎች አንዱ መሐመድ ሞጌ ይባላል። ስሙ አያከራክርም፤ መሐመድ ሞጌ ሊባን ስመ ጥር ዘፋኝ የነበረና የሲያድ ባሬን መንግሥት በተዋጋው በሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ውስጥ የተሰለፈ ሰው ነው። «26 ጁን» የተባለው ወረዳም አገሪቱ ከብሪታንያ ነፃ የወጣችበትን ቀን፥ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም.ን ያስታውሳል። ገዐን ሊባሕ የሚባለው ደግሞ የተራራ ስም ሲሆን በሶማልኛ «የአንበሳ እጅ» ማለት ነው።

ወረዳዎቹ እንዲህ ግልጽ ሲሆኑ፥ የከተማይቱ የራስዋ ስም ግን አንድ ፍች አልተገኘለትም። አንዳንዶች «ሀረግ» ከሚለው የሶማልኛ ቃል አምጥተው ቆዳ ለገበያ የሚቀርብበት ሥፍራ ነው ይላሉ። ሌሎች ከሐረር ጋራ አያይዘው «ትንሿ ሐረር» ይሉታል። ቦታው ከበርበራ ወደ ውስጥ አገር የሚሄዱ ሲራራ ነጋዴዎች መተላለፊያ ስለ ነበረ ሁለቱም ለጆሮ ይስማማሉ። ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሐረሮችም ራሳቸው ከተማቸውን «ጌይ» እንደሚሉ እናስታውስ፤ አንድ ቦታ ለባለቤቱና ለእንግዳው ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል።

ይህ ችግር የአካባቢያችን ብቻ አይደለም። በ1905 ዓ.ም. የተሰየመችው የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ካንቤራ ስምዋን ከነባሩ ሕዝብ ቋንቋ እንዳገኘች ይነገራል፤ «መሰብሰቢያ ሥፍራ» የሚለው ፍች ቢስፋፋም ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ጽሕፈትም የራሱ ጣጣ አለው። በገዐን ሊባሕ ውስጥ ያሉትን ዐይኑንና ሐውን የሶማሌ አፍ ለይቶ ያሰማል፤ የእኛ ፊደል ይዞአቸው ሳለ የአማርኛ አፍ ግን አይለያቸውም። ድምፁ የተበላሸ ስም ደግሞ ፍቹን ለሚፈልግ ሰው መንገድ ያሳስታል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የተናጋሪዎች መበተን ነው። በ1980 ዓ.ም. ሀርጌሳ በጦር ስትፈርስ እጅግ ብዙ ነዋሪዎችዋ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው በሐርትሼክ ሠፈሩ። ሕንፃ ዳግመኛ ይሠራል፤ የጉድጓዱንና የሸለቆውን ስም ምክንያት የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይጠየቅ ካለፈ ግን የሚተካው የለም።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ስምን ነዋሪው እንደሚጠራው እንጻፍ፤ ፍች ሲነገረን ከማን እንደ ሰማነው አብረን እንመዝግብ፤ ሁለት ወይም ሦስት ፍች ካለ ሁሉንም ለተማሪው እናቅርብለት። «ይህ ተረጋግጧል፥ ይህ ይባላል» ብሎ መለየትን የተማረ ልጅ ከአንድ ስም ትርጉም የሚበልጥ ትምህርት ይዞ ይሄዳል።