ፍርደኛ የት ይታሰር? ከአምባ ግሸን እስከ ወልድያ

በኢትዮጵያ የፍርደኛን የእስር ቦታ ለረጅም ዘመን የሚወስነው የንጉሡ ፈቃድ እንጂ የተጻፈ አንቀጽ አልነበረም፤ ፈቃዱም ከሁሉ በፊት የሚመዝነው እስረኛው ከወገኑና ከግዛቱ የሚርቅበትን መጠን ነበር። በአምባሰል የሚገኘው አምባ ግሸን ነገሥታቱ ዙፋን ይሻሙናል ብለው የሚሰጓቸው የገዛ ዘመዶቻቸው የሚጠበቁበት ተራራ ነበር፤ ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. እስካመለጡ ድረስ በመቅደላ የዐፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ነበሩ። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ወደ ጋራ ሙለታ መወሰዳቸው፣ ግዞት፣ ማለትም ሰውን ከሚያውቀው አገር አርቆ በጥበቃ ማኖር፣ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መዝለቁን ያሳያል።

በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይህን መመዘኛ በመለወጥ ቦታውን ከቅጣቱ ዓይነት ጋር አያያዘው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በዚሁ መንገድ ቀጥሎ፣ ቀላል ለሆኑ ወንጀሎች የሚወሰነውን ቀላል እስራትና ለከባድ ወንጀል ከ1 እስከ 25 ዓመት ወይም እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርሰውን ጽኑ እስራት ለየብቻ ደንግጓል፤ ሴቶች ከወንዶች፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉትም ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲታሰሩ ያዝዛል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም በእነዚህ አንቀጾች የቤተሰብ ቅርበት እንደ መመዘኛ አልተቀመጠም።

ጉድለቱ በቆቦና በራያ ቆላ በግልጽ ይታያል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ወልድያ የታሰረ ታራሚ፣ ቤተሰቡ በማሽላ ጥበቃና አጨዳ ወራት እንኳ ተጣድፎ ስንቅ ሊያደርስለት ይችላል፤ በሸዋ ሮቢት ወይም በዝዋይ የፌዴራል ማረሚያ ቤት ለታሰረ ሰው ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ያረጋገጠው የመጎብኘት መብት የአውቶቡስ ክፍያ መቻልን ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች፣ በ59ኛው ደንብ፣ እስረኛ በተቻለ መጠን በቤቱ አቅራቢያ እንዲመደብ የሚጠይቁት ስለዚህ ነው።

ቅርበት ግን ሁልጊዜ አይበጅም፤ ነፍስ ባጠፋ ሰው ጉዳይ፣ የራያ ሽማግሌዎች፣ በአካባቢው አጠራር ዘወልድ፣ ደሙን ሳያደርቁ፣ ማለትም የገዳይንና የሟችን ወገን ሳያስታርቁ፣ ገዳይን በሟች ወገን መንደር አጠገብ ማሰር ሌላ ደም ሊያስከትል ስለሚችል፣ የምደባው ውሳኔ የእርቁን ሂደት ጭምር ሊያይ ይገባል።