የታተመ ሁሉ ምስክር ነውን?

ወገኖቼ፤ የዛሬው ንግግራችን መጽሐፍን ስለ መመርመር ነው። ማንበብ ስንጀምር የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለናል። ወረቀት ግን የተሰጠውን ሁሉ ይቀበላል። በድንበር ክርክር ላይ ሽማግሌ ምስክሩን «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ይለው የለም? መጽሐፍም እንዲሁ ይጠየቃል።

የራሳችንን የይፋትን ታሪክ እንውሰድ። ከ600 ዓመት በፊት በዚህ አገር የወላስማ ሱልጣኖች ይገዙ ነበር። ስለ ይፋት ከጻፉት አንዱ አል ኡመሪ ነው። የደማስቆ ሰው ሲሆን፣ በካይሮ በሱልጣኑ ቤት ጸሐፊ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1349 ሞተ። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ታዲያ ከየት አገኘው? ወደ ካይሮ የሄዱትን የወዲህ አገር ሰዎች፣ በተለይም ሼህ አብደላ ዘይለዒን ጠይቆ ነው።

አላየምና እንጣለው? የለም። በይፋት ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሸንኮራና ጫት እንደሚበቅል ጽፏል። በዚህ ላይ ከማንም በላይ የምትፈርዱት እናንተ ናችሁ። ካይሮ የተቀመጠ ሰው ጤፍን ከልቡ አይፈጥርም፤ የነገረው ሰው አገሩን ያውቃል ማለት ነው። ያው መጽሐፍ ግን የይፋት ንጉሥ 15,000 ፈረሰኛና 20,000 እግረኛ ነበረው ይላል። ይህንንስ ማን ቆጠረው? ስለ ገዛ አገሩ ጦር የሚያወራ ሰው ቁጥር እንደሚያበዛ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከአንድ መጽሐፍ አንዱን ቃል ተቀብሎ ሌላውን ማቆየት ይቻላል።

ሁለተኛው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ታሪክ ነው። እኚህ ንጉሥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1314 እስከ 1344 ነገሡ፤ ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋርም ተዋጉ። ታሪኩን በግዕዝ የጻፈው ሰው ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነው፤ ብዙ ያውቃል። የጻፈው ግን ንጉሡን ለማመስገን ነው፤ ሰብረዲንንም ይሰድባል። ይህን ብቻ ይዞ የይፋትን ታሪክ መጻፍ፣ ተከሳሹን ሳይሰሙ በከሳሹ አፍ ብቻ መፍረድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አምስት መጻሕፍት አንድ ነገር ቢሉ አምስት ምስክር አይደሉም። አራቱ ከአንዱ ቀድተው ከሆነ ምስክሩ አንድ ነው።

ልጆቻችን ከዩኒቨርሲቲ መጥተው ስለ ቀበሌያችን ሲጠይቁንም ይኸው ነው። የምንነግራቸው ነገ ይታተማል። ያየነውን «አየሁ»፣ የሰማነውን «ከአባቴ ሰማሁ» ብለን እንለይላቸው።

መጽሐፍ በድንጋይም ይመረመራል። አል መቅሪዚ የሚባል የካይሮ ጸሐፊ ዓሊ የሰብረዲን ልጅ የሚባል የይፋት ሱልጣን እንደ ነበረ ጽፏል። እርሱም ቢሆን ከሩቅ ሆኖ የጻፈ ነው። በእኛ ዘመን ግን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እዚሁ ይፋት ውስጥ በዓረብኛ የተቀረጸ የመቃብር ድንጋይ አገኙ። የዚሁ የዓሊ ስም አለበት። የሞተበትም ጊዜ ተጽፎበታል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1373 ነው። ያ ድንጋይ ተነሥቶ ለቤት መሠረት ውሎ ቢሆን ኖሮ ለአል መቅሪዚ ቃል ማን ይመሰክርለት ነበር? በየኮረብታው ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ያገኘ ሰው ከቦታው ሳያነሣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይንገር።