መክፈልና ማካፈል
(ስለ ደባል ቤት ኪራይ በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቋንቋችን «መክፈል» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ገንዘብን ለባለመብቱ ማስረከብ መክፈል ነው፤ አንዱን ነገር ለሁለት ለሦስት መቁረጥም መክፈል ነው። ዛሬ ልንነጋገርበት የተነሣነው ጉዳይ ሁለቱንም የያዘ ነው። ይኸውም ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቤት በደባልነት ሲኖር ኪራዩን እንዴት ቢካፈለው ትክክል ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ የማይመጥን የጓዳ ወሬ የሚመስለው ቢኖር የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም መንደሮች ይመልከት። ቤቶቹ የተሠሩት አንዱ ለአንድ ቤተሰብ ተብለው ነው። ዳሩ ግን ኪራዩ ከደመወዝ ጋር ስለማይመጣጠን በአንዱ መኝታ ቤት ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው፣ በሌላው ወንድማማቾች ወይም እኅትማማቾች ይኖሩበታል። ሳሎኑ፣ ወጥ ቤቱና መታጠቢያው የጋራ ነው። ከእኛም መካከል ብዙዎቻችን ተመርቀን ስንወጣ የመጀመሪያ ደመወዛችንን ይዘን የምንገባው እንዲህ ወዳለው ቤት ነው።

በዚህ ረገድ የቀድሞው ልማድ ብዙ አይረዳንም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ብዙ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ወጥ ቤትና መጸዳጃ በጋራ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ኪራይ ለየብቻው ይከፍል ስለ ነበረ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በኪራይ አይተሳሰብም ነበር። የዛሬዎቹ ደባሎች ግን አንድ ኪራይ ለአንድ አከራይ ያስረክባሉ፤ አከፋፈሉን ራሳቸው ማበጀት አለባቸው።

የደባሎች ጠብ ብዙውን ጊዜ ከክፋት አይነሣም። ሲገቡ በይሉኝታ «እኩል እንክፈል» ይባባላሉ፤ ከዚያ በኋላ አንደኛው ወገን ተጎዳሁ እያለ ቅሬታውን በሆዱ ያጠራቅማል። ቅሬታውም በኪራይ ስም አይወጣም፤ በጨው፣ በመጥረጊያ፣ በበር አዘጋግ ተሳቦ ይወጣል። ስለዚህ ሒሳቡን አስቀድሞ በግልጥ መነጋገር ነውር ሳይሆን ጉርብትናን ማክበር ነው እንላለን።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኪራዩ በወር 12,000 ብር፣ ስፋቱ 48 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት አለ እንበል። ትልቁ መኝታ ቤት 14 ካሬ፣ ትንሹ 10 ካሬ፣ የቀረው 24 ካሬ የጋራ ነው። በትልቁ ክፍል ባልና ሚስት ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር፣ በትንሹ ሁለት ወንድማማቾች ይኖራሉ።

በቤተሰብ ቁጥር ብናካፍል ለእያንዳንዱ ወገን 6,000 ብር ይደርሰዋል። ይህ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ወንድማማቾቹ በጠባቡ ክፍል እየኖሩ የሰፊውን ዋጋ ይጋራሉ። በነፍስ ወከፍ ብናካፍል ደግሞ ቤተሰቡ 8,000፣ ወንድማማቾቹ 4,000 ብር ይከፍላሉ። ይህም የሁለት ዓመት ሕፃን ልክ እንደ ደመወዝተኛ እንዲቆጠር ያደርጋል። በመኝታ ቤቶቹ ስፋት ብቻ ብናካፍል 7,000 እና 5,000 ብር ይሆናል፤ ይህኛው ግን ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን ማን ምን ያህል እንደሚጠቀምበት ከነጭራሹ ይረሳል።

እኛ የምንደግፈው ቤቱን በሁለት ከፍሎ ማሰብን ነው። የግል የሆነው በስፋት፣ የጋራ የሆነው በሰው ቁጥር ይታሰብ። በምሳሌያችን የግልና የጋራ ስፋቱ እኩል ስለሆነ ለእያንዳንዱ 6,000 ብር ይደርሳል። የግሉ 6,000 በስፋት ሲካፈል 3,500 እና 2,500 ይሆናል። የጋራው 6,000 ትንሽ ልጅ እንደ ግማሽ ሰው ተቆጥሮ ሲካፈል ቤተሰቡ ሦስት፣ ወንድማማቾቹ ሁለት ናቸውና 3,600 እና 2,400 ይሆናል። በድምሩ ቤተሰቡ 7,100፣ ወንድማማቾቹ 4,900 ብር ይከፍላሉ። ልጅን እንደ ግማሽ መቁጠር ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። ልጅ ውኃና ቦታ ይጠቀማል፤ ይሁን እንጂ ደመወዝ አያመጣም፤ ስለዚህ መካከለኛውን መንገድ ይዘናል።

«የክፍል ጥቅም በሜትር ብቻ ይለካልን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሰፊው ክፍል በደረጃው በኩል ሆኖ ጫማ ሲረግጥበት ያድር ይሆናል፤ ጠባቡ የጠዋት ፀሐይ ያገኝ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ አንዱ ዋጋ ይቁረጥ፣ ሌላው ይምረጥ ማለት ነው። በዕቁብ እንደለመድነው ዕጣ ይውጣ። ዕጣው የደረሰው ወገን የግሉን 6,000 ብር ለሁለቱ ክፍሎች ይደልድል፤ ሌላው ወገን የወደደውን ክፍል ያንሣ። ደልዳዩ የትኛው እንደሚቀርለት ስለማያውቅ በትክክል ከመደልደል ሌላ ምርጫ የለውም።

ቤተሰቦቹ ሦስት ሲሆኑ ነገሩ ይጠጥራል፤ ቢሆንም መፍትሔ አለው። ፍራንሲስ ሱ የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ጀርመናዊው ስፐርነር በ1928 እ.ኤ.አ. ባረጋገጠው ሐሳብ ተመርኩዞ አንድ ነገር አሳይቷል። በነጻ የሚሰጥ ክፍል እያለ የሚከፈልበትን የሚመርጥ ሰው ከሌለና ይህን የመሰሉ ጥቂት ሁኔታዎች ከተሟሉ፣ እያንዳንዱ ሰው የተለያየ ክፍል እንዲመርጥና አንዱ በሌላው ዕድል እንዳይቀና የሚያደርግ የኪራይ ድልድል ሁልጊዜ ይገኛል። በቤት ውስጥ ሲሠራበት እንዲህ ነው፤ ሁለት ወገኖች አንዱን ክፍል ከፈለጉት የእርሱን ዋጋ ጥቂት ከፍ፣ የሌሎቹን ጥቂት ዝቅ እያደረጉ ምርጫው እስኪለያይ ድረስ መቀጠል።

ነገር ግን ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህም ሚዛን ቢሆን ኪስን እንጂ ችግርን አይመዝንም። ገንዘብ ያነሰው ቤተሰብ ሁልጊዜ ጨለማውን ክፍል «መርጦ» ይገባል። አራስ ወይም በሽተኛ ያለበትን ወገን ፀሐይ ካለበት ክፍል ማስቀደም በሒሳብ ሳይሆን በሰብአዊነት የሚወሰን ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የተከራይ አከራይ ነው። ቤቱን በራሱ ስም ይዞ ጠቅላላውን ኪራይ ይደብቃል፤ ደባሎቹን አስከፍሎ እርሱ በነጻ ይኖራል። እንግዲያውስ የመጀመሪያው የፍትሕ ደንብ ዋናው የኪራይ ውል ለሁሉም ደባሎች ይታይ የሚል ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይገባናል። የመኖሪያ ቤት ኪራይን ለመቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠየቅ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። ይህ ግን በአከራይና በተከራይ መካከል ነው። ደባሎች ሁሉ በውሉ ላይ ፈርመው ከሆነ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1896 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር አብረው ባለዕዳ የሆኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው ለዕዳው በሙሉ ይጠየቃሉ። አንዱ ሳይከፍል ቢጠፋ አከራዩ የቀረውን ደባል ሙሉውን ሊጠይቀው ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ ደባሎች በመካከላቸው አንዲት ገጽ ይጻፉ። የእያንዳንዱ ድርሻ፣ ከቅድሚያ ክፍያው ማን ስንት እንዳወጣ፣ ኪራይ ቢጨመር ጭማሪው በዚያው ድርሻ እንደሚካፈል፣ የሚወጣው ወገን ከስንት ጊዜ በፊት እንደሚያስታውቅ ይስፈርበት። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳም አይረሳ፤ እስከ አንድ ወር የቆየ እንግዳ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ግን በጋራው ሒሳብ እንደ ነዋሪ ይቆጠር።

የመብራት ሒሳብ ለብቻው ይታሰብ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ የሚል ነው። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁለቱም ለየብቻቸው ቢሆኑ ከማይደርሱበት እርከን ሊደርሱ ይችላሉ። እንጀራ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግርና ከሱቅ ገዝቶ የሚበላ ወገን እኩል ይክፈሉ ማለት አይገባም፤ የጋገራውን ቀን መቁጠር ይበቃል።

ባጭሩ፣ እኩል መሆንና ትክክል መሆን አንድ አይደሉም። የግሉን በስፋቱ፣ የጋራውን በሰው ቁጥር፣ ምርጫውን በዕጣ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ እናድርግ። ስለ አገር ሀብት ክፍፍል በየስብሰባው የምንከራከር ሰዎች የአንዲት ወጥ ቤት ኪራይ በትክክል ማካፈል ካቃተን ማን ያምነናል? ስለዚህ በያዝነው ዓመት ቤት የምንከራይ ሁሉ ቁልፉን ከመቀበላችን በፊት ከደባሎቻችን ጋር ወረቀትና እርሳስ ይዘን እንቀመጥ።