መርከብና የላስታ ማሳ
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



ላስታን ከባሕር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ነገር ግን የላስታ ገበሬ በማሳው የሚበትነው ዩሪያ ባሕር ተሻግሮ፥ ከጅቡቲ በካሚዮን አቀበቱን ወጥቶ የሚደርስ ነው። (ኩበቱንማ እንጨት አጥቶ ያነደዋል።)

ከዓለም አማቂ ጋዝ 3 በመቶ ያህሉን የሚያወጡት መርከቦች ናቸው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን በ2050 ገደማ ወደ ዜሮ ለማውረድ አቀደ፤ ከታጩትም ነዳጆች አንዱ አሞኒያ ነው፤ መርዝነቱ ቢያሰጋም ካርቦን የለበትምና። ዩሪያም የሚሠራው ከዚሁ ከአሞኒያ ነው። እንግዲህ መርከቡ ማሳውን ሊሻማው ነው።

አሞኒያ ከውኃ፥ ከአየርና ከኤሌክትሪክ ሊሠራ ይችላል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚህ ከፊሉ ለአሞኒያ ቢውል፥ በእኔ አስተያየት ቅድሚያው ለማሳው ነው። እዚሁ የተሠራ ማዳበሪያ ባሕር አይሻገርም፤ ለጉዞው የሚነደውም ነዳጅ ይቀራል።